የጭራቁን ገጽ ሳነብ ቡናው ያልቅብኛል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትጽፉት?

ፎቶኮፒው (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ቤታችን ዲ ኤንድ ዲ (በዳይስና በምናብ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ) አለ። እኔ አጫውታለሁ፣ ተረቱንና ጭራቆቹን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆችና ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን ይጫወታሉ። እንግሊዝኛው የሚቀናው ለሁለቱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር በአማርኛ ነው። ዳይሶቹ እውነተኛ ናቸው፤ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልኝ። ጭራቆቹ ግን ቆርኪ ናቸው። ያው ዳማ የምንጫወትበት ቆርኪ።

ባለፈው እሁድ ምን ሆነ መሰላችሁ። በተረቱ ውስጥ ጨው ጭነው ሐረጎን ሲወርዱ ድልድይ ሥር ትሮል የሚባል ግዙፍ ጭራቅ አወጣሁባቸው። አቦል ሲቀዳ የተጀመረው ውጊያ በረካ ተጠጥቶም አላለቀም። እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ባጃጁ "17 ወጣልኝ፣ ገባ አልገባም?" ይላል፤ እኔ የትሮሉን ጋሻ (ለመምታት መድረስ ያለበትን ቁጥር) ፍለጋ የጭራቁን ገጽ ከላይ ታች እላለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ደግሞ ትሮል በየተራው 10 ነፍስ (ሲመታ የሚቀንሰው ነጥብ) እንደሚመለስለት ትዝ አለኝ። ሁለት ዙር አልፏል። 20 ልጨምርለት ስል እህቴ "አሁን ነው የፈጠርከው!" አለች። ማን ይመነኝ?

ራሴ ተርጉሜ ያተምኩት እንዲህ ይላል፦

"ትሮሉ በተራው መጀመሪያ ላይ 10 ነፍስ መልሶ የሚያገኝ ሲሆን፣ የአሲድ ወይም የእሳት ጉዳት የደረሰበት እንደሆነ ግን ይህ ባሕርይ በሚቀጥለው ተራው መጀመሪያ ላይ የማይሠራ ከመሆኑም በላይ፣ ትሮሉ የሚሞተው ተራውን በ0 ነፍስ ከጀመረና ነፍስ መልሶ ካላገኘ ብቻ ነው።"

ትክክል ነው፣ አንድም ስህተት የለበትም። ግን አንድ ትንፋሽ አይበቃውም። በአማርኛ የምታጫውቱ ሰዎች፣ በናታችሁ እንዴት ነው የምትጽፉት? ማተሚያውም ወረቀቱም አለኝ። ዘዴው ነው የጠፋኝ።


ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

አይዞህ ወንድሜ፣ ያ ትሮል እኔንም ሠርቶኛል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳጫውት ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ ነው። ስለዚህ በግማሽ ዓይን የሚነበብ ካልሆነ አልጠቀምበትም።

ያንተ አረፍተ ነገር ችግሩ ግሱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። እስከ ጫፉ ካልተነበበ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ለተረት ግሩም ነው፣ ሰሚውን አንጠልጥሎ ይይዛል። አራት ሰው አፍ አፍህን እያየ ሲጠብቅ ግን መከራ ነው። እንግሊዝኛው ግሱን ቶሎ ስለሚናገር አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ቢያጭቅም ይቻላል። አንተ ያንኑ ጭነት እንዳለ አምጥተህ አማርኛው ላይ ጫንከው።

ቁረጠው። እያንዳንዱን ቁራጭ በ"መቼ" ጀምረው፣ ከዚያ አጭር ግስ። እንዲህ፦

ተራው ሲጀምር፦ 10 ነፍስ ጨምር።
እሳት ወይም አሲድ ከነካው፦ በሚቀጥለው ተራው አትጨምር።
0 ሲደርስ፦ ይወድቃል፣ አልሞተም። ተራው ደርሶ ካልጨመረ ያኔ ሞተ።

"ይጨምራል" ሳይሆን "ጨምር" እንዳልኩ ልብ በል። ወረቀቱ የሚያናግረው አንተን ነው። "ይጨምራል" ሲል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስልና ዓይን ያልፈዋል። እኔ ላይ ደርሶብኛል።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጽሐፉ ነገሮችን በየዓይነታቸው ነው የሚደረድራቸው፦ ጥንካሬ 18፣ ቅልጥፍና 13፣ እያለ የጭራቁን ስድስት ችሎታዎች ከላይ ይዘረግፋል። ድልድይ ሥር የትሮሉን የማሰብ ችሎታ ማን ጠየቀህ? 7 ነው። ታች ይሁን። አንተ የሚያስፈልግህ በሚመጣበት ተራ ደርድር። መጀመሪያ ተጫዋቾቹ የሚጠይቁህ፣ ቀጥሎ ተራው ሲጀምር የሚሆነው፣ ቀጥሎ የሚያደርገው። የእኔ ካርድ ይኸው፦

ትሮል
ጋሻ 15። ነፍስ 84። ሩጫ 6 ቤት።
(እዚህ ጋ ከላይ ያሉት ሦስት መስመሮች)
በተራው፦ አንዴ ነክስ፣ ሁለቴ ቧጭር። ሁሉም ዳይሱ ላይ +7።
ንክሻ 7። ጥፍር 11።
በሽታ ሲፈልግ፦ ዳይሱን ሁለቴ ጣል፣ ትልቁን ውሰድ።

"6 ቤት" ያልኩት ጫማ መቁጠር ስለሰለቸኝ ነው። መጽሐፉ 30 ጫማ ይላል፤ አንድ ቤት 5 ጫማ ስለሆነ 6 ይመጣል። ዳማ የሚጫወት ሰው ቤት ይገባዋል። ጉዳቱን መጽሐፉ "11" ብሎ አጠገቡ በቅንፍ ሁለት ባለ6 ዳይስ ሲደመር 4 ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ ካሉ ሁልጊዜ "የቱን ልጠቀም?" እያልክ ትቆማለህ። እኔ 11ን ይዤ ቅንፉን ሰርዣለሁ። ዳይስ መጣል የሚወዱት ተጫዋቾቹ ናቸው፣ እነሱ ይጣሉ።


የማታ_ተረኛ (ደሴ)

ነርስ ነኝ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ አንድ ልጨምር።

ተረኛ ስንቀያየር የበሽተኛውን ካርድ ስቀበል መጀመሪያ የሚታየኝ ዕድሜው አይደለም። ፊት ለፊት በቀይ "ፔኒሲሊን አይስማማውም" የሚል ካለ እሱ ነው። ምክንያቱም የማደርገውን የሚቀይረው እሱ ነው። ትሮሉ ላይ ያ ቀይ ነገር እሳቱ ነው። እሱን ከሌላው እኩል በጥቁር ካተምከው ነገም ትረሳዋለህ።

ደግሞ ነፍሱን የምትቀንስበት ቦታ ካርዱ ላይ ይኑር። 84ን በጭንቅላትህ ይዘህ፣ 11 ቀንሰህ፣ 10 ጨምረህ፣ መሀል ላይ "ስኳር ስንት?" ስትባል ይጠፋብሃል። ሁለት ትሮል ካለ ሁለት ባዶ መስመር።

የፊደሉን መጠንም አደራ። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ በሻማ ነው የምንጨርሰው። ፊደላችን ልዩነቱ ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ ባለ 9 ካተምከው "ቡ" እና "ቢ" በሻማ አይለዩም። እኔ በ14 ነው የማትመው።


ላሊበላ_ብሎክ

ቁጥሩን ለምን በግዕዝ አታደርገውም? ነፍስ ፹፬። ያምራል።


ፎቶኮፒው (ደሴ)

@ላሊበላ_ብሎክ ያምራል። እህቴን አሳየኋት፣ "ይሄ ነፍስ ነው ወይስ የቤት ቁጥር?" አለችኝ። ይቅር።

@ቦርከና_ማዶ እጅህን ይባርከው። ዛሬ ስድስት ካርድ ሠራሁ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ "መታወቂያዬን ኮፒ አድርግልኝ" እያለኝ እኔ ትሮል እየቆረጥኩ። አስማተኛው ላይ ግን ተያዝኩ። የጨዋታው የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ላይ ጠላት የሆነው አስማተኛ 16 ድግምት አለው። ስማቸው ብቻ ነው የተጻፈው! ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ መግለጥ አለብኝ። 16ቱንም ልተርጉም?


ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

እንዳትሞክረው። ያ አስማተኛ ነፍሱ 40፣ ጋሻው 12 ነው። ያንተ አራት ልጆች ከከበቡት ሦስት ዙር ቢቆይ ነው። በሦስት ዙር 16 ድግምት ማን ያደርሰዋል? ሦስት ምረጥ፤ አንድ የሚያጠቃበት፣ አንድ የሚከላከልበት፣ አንድ የሚሸሽበት።

የእሳት ኳስ፦ ከመሀሉ 4 ቤት ዙሪያ። ለማምለጥ 14 ማምጣት አለባቸው። ጉዳቱ፦ ያላመለጠ 28፣ ያመለጠ 14።
መከታ፦ ሲመቱት ጋሻው ላይ 5 ጨምር፣ ተራው እስኪመለስ።
የጭጋግ እርምጃ፦ ጠፍቶ 6 ቤት ርቆ ብቅ ይላል። ከዚያም ሌላ ነገር ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛውን በቀጥታ "ጋሻ" ብዬ ተርጉሜው ነበር። ከዚያ "ጋሻው ጋሻውን በ5 ይጨምራል" የሚል አረፍተ ነገር ወጣኝ። አንድ ቃል ለሁለት ነገር እንዳትጠቀም።

ይሄ ችግር የኛ ብቻም አይደለም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የጭራቆቹ ቁጥር አንድ ሰንጠረዥ ላይ፣ መግለጫቸው ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ነበር። በ1989 ደግሞ ጭራቆቹን በሚፈታ ወረቀት አትመው በቀለበት ፋይል ሸጡ። የፈለግከውን ገጽ መዘህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ። ሐሳቡ ማለፊያ ነበር። ግን ወረቀቱን ግራና ቀኝ አተሙት! ፊቱ ላይ አንድ ጭራቅ፣ ጀርባው ላይ ሌላ። አዲስ ጥራዝ ሲወጣና ፊደል ተራ ጠብቀህ ልታስገባ ስትል፣ የፊቱን ቦታ ስታስይዝ የጀርባው ይዛነፋል። በ2008ቱ እትም ነው ጭራቁ ለውጊያ የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ተሟልቶ የገባው። በ2014 ለአስማተኞቹ ወደ ስም ዝርዝር ተመለሱ። ለምን እንደሆነ እነሱ ይወቁ።

አንተ የፎቶ ኮፒ ሰው ነህና አደራ፣ ባንድ ፊት ብቻ አትም።

ቅጂውንም አትፍራ። የ2014ቱ ሕግ መሠረታዊ ክፍል ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ትሮሉም አስማተኛውም እዚያ ውስጥ አሉ። ምንጩን ከጠቀስክ ተርጉመህ ማሰራጨት ትችላለህ።


ጡረተኛው_መምህር (ቦሩ ሜዳ)

ልጆች፣ እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። አማርኛ አስተምሬ ስላረጀሁ ስለ ግሱ የተባለው ደስ አሰኘኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ቀዩን ቀለም በተመለከተም፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ነው የሚጽፉት። ጥቁሩን ዘሎ ዓይን እዚያ ያርፋል። ነርሷ ልጄ፣ ከጥንት የነበረ ነገር ነው የነገርሻቸው።

ነገር ግን ካርዳችሁን አየሁትና አንድ ነገር ጎደለኝ። ለማንበብ ቀሏል። ግን ማነው ይሄ? ጋሻ 15 ምን ዓይነት ፍጡር ነው? እኛ ልጅ ሳለን ጭራቅ ቁጥር አልነበረውም። አያቴ ምድጃው ዳር ሆና ድምጿን አወፍራ "ሰው ሰው ይሸተኛል!" ስትል ሁላችንም ጋቢዋ ሥር ነበርን። ሦስት ቃል ነው። ምን እንደሚፈልግ፣ በምን እንደሚያገኘን፣ ሲያገኘን ምን እንደሚያደርገን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

እናንተ ደግሞ ያንኑ "በሽታ ሲፈልግ ዳይሱን ሁለቴ ጣል" ብላችሁ ከታች አስቀምጣችሁታል። እንደውም እኔ መጀመሪያ "በሽታ" የሚለውን በህመም አነበብኩት። "ትሮሉ በሽታ የሚፈልገው ለምንድን ነው?" ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። "በአፍንጫው ሲያሸት" በሉት።


ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ካርድ ይዤ ሳጫውት በሽታና በሽታ አልታየኝም። "ሰው ሰው ይሸተኛል" ከስሙ ሥር ገብቷል፣ የመጀመሪያው መስመር። አጫዋቹ ካርዱን ሲያነሳ መጀመሪያ አፉን የሚከፍተው በዚያ ይሁን።


የማታ_ተረኛ (ደሴ)

ለሁሉም ጭራቅ አንድ የሚናገረው ነገር ልንጽፍ ነው እንግዲህ። ጅቡንስ ምን ልናስብለው ነው?


ፎቶኮፒው (ደሴ)

እሁድ አልፏል፣ ሪፖርት።

የትሮሉን ወንድም አመጣሁባቸው። "ሰው ሰው ይሸተኛል" አልኩ ድምፄን አወፍሬ። ከዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱ ሲኒውን አስቀመጠ። እህቴ ሳቀች፣ ግን ቆርኪዋን አንድ ቤት ወደ ኋላ ሳበች። አየኋት።

"19 ወጣልኝ" ሲል ባጃጁ፣ ገጽ ሳላገላብጥ "ገባ" አልኩት። በየተራው 10 ጨመርኩ፣ በባዶው መስመር ላይ በእርሳስ እየጻፍኩ። 0 ደርሶ ወደቀ፣ ሁሉም "ገደልነው!" ብለው ተነሡ። ተራው ሲደርስ ተነሣባቸው። ጩኸቱን ጎረቤት ሰምቷል። ቶናው ሳይቀዳ አለቀ፣ እናቴ ራሷ "ምነው ዛሬ ቶሎ ጨረሳችሁ?" አለች።

አንድ ነገር ግን አለ። ነርሷ እህቴ፣ ምክርሽን ሰምቼ "እሳት"ን በቀይ፣ በ20 አትሜው ነበር። ከጠረጴዛው ማዶም ይነበባል ለካ። ባጃጁ ገና ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ "እኔ ገበያ ሄጄ ሁለት ጠርሙስ ላምባ እገዛለሁ" አለ። ለምን ስለው "እንዲሁ፣ ለመብራት" አለኝ። የተነሣውን ትሮል አንድ ጠርሙስ ነው የጨረሰው።

አሁን ከኤ-ፎር ወረቀት ካርቶን ቆርጬ ከፊቴ የማቆመው ግርዶሽ እየሠራሁ ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ ላምባ ግን አሁንም ባጃጁ ጋ አለ። በሚቀጥለው እሁድ የማወጣው አስማተኛው ነው፣ እሱም ቢሆን ነፍሱ 40 ብቻ ነው።