ሕዝብ የሚያምነው ነገር እውነታውን ይቀይረዋል ወይስ ይጋርደዋል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። ፖለቲከኛውም፣ ባለሀብቱም፣ ዲፕሎማቱም ከእውነታው ይልቅ ሰው ስለ እውነታው ምን ያስባል የሚለውን አብልጠው የሚፈሩ ይመስለኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተባለ፣ ብዙ ሰው አመነ፣ ጦርነት ተከፈተ፣ የተባለው ክምችት ግን ተፈልጎ አልተገኘም። በ2023 ደግሞ የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች ደነገጡና ባንኩ በሁለት ቀን አበቃለት። በመጀመሪያው ሰው ስላመነ መሣሪያ አልተፈጠረም። በሁለተኛው ግን ባንኩን የጣለው ፍርሃቱ ራሱ ይመስላል። «ዋናው የሰው አመለካከት ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው» የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ሒሳበኛው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ከባንኩ ልጀምር። ማንኛውም ባንክ ያስቀመጥክበትን ብር ካዝና ውስጥ ቆልፎ አይጠብቅህም፣ አብዛኛውን ለዓመታት አበድሮታል ወይም ቦንድ ገዝቶበታል። አንተ ግን ዛሬውኑ የመጠየቅ መብት አለህ። ስለዚህ ጤነኛ ባንክ እንኳ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጣበት መክፈል አይችልም። ዳግላስ ዳይመንድና ፊሊፕ ዲብቪግ ይሄን በ1983 በሒሳብ አሳይተው በ2022 ከቤን በርናንኪ ጋር ኖቤል ተሸልመውበታል። ነገሩ «የፈሩት ይደርሳል» የሚባለው ነው፤ ሌሎች ሊያወጡ ነው ብለህ ስትፈራ አንተም ማውጣትህ ልክ ይሆናል፣ ሁሉም እንደዚያ ሲያስብ ባንኩ ይወድቃል።

የእንግሊዙን ኖርዘርን ሮክ ተመልከት። በሴፕቴምበር 2007 ከማዕከላዊ ባንኩ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ሊወስድ ነው የሚል ዜና ማታ ተሰራጨ፣ በማግስቱ ሰው ቅርንጫፎቹ በር ላይ ተሰለፈ። ሰልፉ የተበተነው መንግሥት ተቀማጩን ዋስ እሆናለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ነው። የያኔው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት የማሪዮ ድራጊ ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በጁላይ 2012 የስፔን የ10 ዓመት ቦንድ ወለድ ከ7 በመቶ በላይ ወጥቶ ዩሮ ሊፈርስ ነው ሲባል፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ ያደርጋል ብሎ ተናገረ። ወለዱ መውረድ ጀመረ። ቀጥሎ ይፋ የሆነው የቦንድ ግዢ ፕሮግራም አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ በኢኮኖሚ ውስጥ አመለካከት ራሱ እውነታ ነው ባይ ነኝ።

ማሂ፦
ሒሳበኛው፣ ስለ ድራጊ ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ተውከው። ሰው ያመነው ዩሮ የማተም ሥልጣን ያለው ተቋም ስለተናገረ ነው። ያንኑ ንግግር የስፔን የገንዘብ ሚኒስትር ቢያደርገው ማን ይሰማው ነበር? ኖርዘርን ሮክም ቢሆን ሰልፉ ቆመ እንጂ ባንኩ አልዳነም፣ በፌብሩዋሪ 2008 መንግሥት ወረሰው። ሲሊከን ቫሊ ባንክም ያለ ምክንያት አልተፈራም። ወለድ ዝቅ ባለበት ዘመን የገዛቸው ቦንዶች ወለድ ሲጨምር ዋጋቸው ወረደ፣ በማርች 8 ከሽያጩ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ራሱ አሳወቀ፣ በማግስቱ ደንበኞቹ 42 ቢሊዮን ዶላር እናውጣ አሉ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ተቀማጭ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ነበር። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ቢሮጥ ምን ይፈረድበታል? ፍርሃቱ አወዳደቁን አፋጠነው፣ ቀዳዳው ግን ቀድሞም ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ባለሥልጣን ሁሉ ሕዝብ ሲያማርር «የግንዛቤ ችግር ነው» ይላል። አሜሪካን እንይ። በጁን 2022 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሸማቾች ስሜት መለኪያ ወደ 50 ወርዶ እስከዚያ ጊዜ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። ሥራ አጥነት ያን ጊዜ 3.6 በመቶ ብቻ ነበር፣ የዋጋ ግሽበቱ ግን 9.1 በመቶ። ከዓመት በኋላ ግሽበቱ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ሰው ማማረሩን አላቆመም፣ ኢኮኖሚስቶቹም ግራ ተጋቡ። ምን ግራ ያጋባል? ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው እንጂ ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም። ባለሙያው ፍጥነቱን ያያል፣ ሸማቹ ሲገዛ የሚከፍለውን ያያል። ሁለቱም የሚያዩት ልክ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠው ግን ሸማቹ ነው።

ሕዝብ ሁሌ ልክ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። እዚያው አሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲቀየር የአሸናፊው ፓርቲ ደጋፊዎች ኢኮኖሚው ተሻሻለ፣ የተሸናፊው ደግሞ ባሰበት ማለት ይጀምራሉ፣ ኢኮኖሚው ግን በዚያች ሳምንት የትም አልሄደም። ይሄኛው የቡድን ስሜት ነው። የኑሮ ምሬትን ከዚህ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ግን ግፍ ነው።

የታሪክ ተማሪ፦
በአገሮች መካከል ሲሆን የተሳሳተ እምነት ዋጋው በጣም ይከብዳል። በ1960 ኬኔዲ ሲወዳደር ሶቪየት በሚሳይል ቀድማናለች የሚለው ስጋት ትልቅ የምርጫ አጀንዳ ነበር። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭም በጉራው ያራግበው ነበር። የሳተላይት ፎቶ ሲመጣ የቀደመችው አሜሪካ ሆና ተገኘች። ሩጫው ግን አልቆመም፣ ጉራው የተጋለጠበትን ክሩሽቼቭንም በ1962 ኩባ ላይ ሚሳይል ለመትከል ካነሳሱት ምክንያቶች አንዱ ይሄው የኃይል ልዩነት ነበር።

የኩባው ቀውስ የተፈታበት መንገድ ደግሞ ለጥያቄህ ዋናው መልስ ይመስለኛል። ሶቪየት ሚሳይሏን ስታነሳ አሜሪካም ቱርክ ውስጥ ያሉትን ጁፒተር የተባሉ የራሷን ሚሳይሎች ለማንሳት ተስማምታ ነበር፣ በምሥጢር። ኬኔዲ በሕዝቡና በአጋሮቹ ዘንድ ደካማ መስሎ መታየት ስላልፈለገ ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ «በአቋማችን ስለጸናን ጠላት አፈገፈገ» ብሎ ተማረ። ሰላሙን ያመጣው ሰጥቶ መቀበል ሆኖ ሳለ የተወደሰው ግትርነት ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ መሪ መደራደርን እንደ ሽንፈት አይቶት ይሆን?

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የማሂ ነገር ዓይኔን ገልጦልኛል። እንዲህ ብረዳው ልክ ነኝ? ውጤቱ በሰዎች ድርጊት ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ እንደ ባንክ ወረፋ፣ እምነቱ ራሱ ነገሩን ይፈጥረዋል። ሚሳይል መኖሩና አለመኖሩ ግን በማንም እምነት አይቀየርም፣ የሚቀየረው መሪዎች የሚወስኑት ነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ እምነቱን ሆን ብሎ የሚሠራ ወገን ሲኖርስ ከጊዜው በፊት እንዴት ይታወቃል?

የታሪክ ተማሪ፦
አዎ ልክ ነህ ወንድሜ፣ በደንብ ይዘኸዋል። ለሁለተኛው የኩዌትን ታሪክ ልንገርህ። ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች በኋላ፣ በኦክቶበር 1990 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ፊት ቀርባ፣ የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናትን ከማሞቂያ ሣጥን አውጥተው ወለል ላይ ሲጥሉ አይቻለሁ ብላ እያለቀሰች ተናገረች። ፕሬዚዳንት ቡሽ ደጋግመው ጠቀሱት፣ ሴናተሮችም ለጦርነት ድምፅ ሲሰጡ ምክንያት አደረጉት። በዋሽንግተን የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ በሰፊው የታወቀው በጃንዋሪ 1992 ነው። ምስክርነቱን ያሰናዳው ለኩዌት ዘመቻ የተቀጠረ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር፣ ታሪኩም በኋላ ሲጣራ ማረጋገጫ አልተገኘለትም። ወረራው እውነት ነበር፣ በኩዌት ሕዝብ ላይ የደረሰው በደልም እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሳይጠራጠር የተቀበለው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ምስክሩን ማን አመጣው፣ ወጪውን ማን ከፈለ የሚለውን ነው። ያን ጊዜ ሁለቱንም የጠየቀ ሰው ቢኖር መልሱ እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ነበር።