ወንጂ ይሠራ የነበረውን ሆላንዳዊ አያቴን ለመፈለግ ኔዘርላንድስ ብሄድ ከየት ልጀምር?

የጅማዋ፦

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ የምኖረው ጅማ ሲሆን ሂርማታ አካባቢ በቡና ንግድ እተዳደራለሁ። እናቴ የተወለደችው ወንጂ ነው። አባቷ በስኳር ፋብሪካው የሚሠራ ሆላንዳዊ እንደነበረና ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ከመወረሱ በፊት ወደ አገሩ እንደተመለሰ ከሴት አያቴ ሰምተናል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። በእጃችን ያለው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ቁምጣ ለብሶ አገዳ ከተጫነበት ተጎታች አጠገብ ቆሟል፤ በጀርባው ላይ «ቫን ደር» ብሎ የሚጀምር ስሙና 1955 የሚል ዓመት በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። እናቴ በሕይወት ሳለች የአባቷን ወገን እንድታውቅ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ለጉዞው ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው። ቤተ መዛግብቶቻቸው ለእንደኔ ያለ ሰው ክፍት ናቸው?

ሄግ ነዋሪ፦

የተከበሩ እህቴ፣ ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን ገንዘብዎን ለጉዞ ከማውጣትዎ በፊት ጅማ ተቀምጠው ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ሥራ ስላለ ከዚያ ይጀምሩ እላለሁ።

በኔዘርላንድስ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአብዛኛው አገር የተጀመረው በናፖሊዮን ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቦቹ በግል መረጃ ጥበቃ ምክንያት የልደቱ 100፣ የጋብቻው 75፣ የሞቱ 50 ዓመት ሳይሞላ ለሕዝብ አይከፈቱም። የተከፈቱት ግን «ዊዋስዊ» እና «ኦፕን አርኪቨን» በተባሉት ድረ ገጾች ላይ በስም ይፈለጋሉ። በዚያ አገር ልማድ «ቫን ደር» የስም መነሻ ተደርጎ ስለማይቆጠር በዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ይሂዱ።

አያትዎ አርፈው ከሆነ ከሁሉ የሚጠቅመው «ፔርሶንስካርት» የሚባለው የነዋሪ ካርድ ነው። ከ1939 እስከ 1994 ድረስ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ለየነዋሪው ይህን ካርድ ይይዝ ነበር፤ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ ጋብቻ፣ ልጆችና አድራሻዎች ይሰፍሩበታል። የሟቾችን ካርድ ቅጂ ሄግ የሚገኘው ሲ.ቢ.ጂ. የተባለው የቤተሰብ ታሪክ ማዕከል በክፍያ ይልካል። እናትዎን በሕግ ካልተቀበሏት ስሟ በካርዱ ላይ እንዲገኝ አይጠብቁ። ሆኖም የወላጆቻቸውን ስም ካገኙ ከዚያ ወደ ላይ ያለው የዘር ሐረግ በአብዛኛው በነጻ ይከፈታል። ችግር የሚሆነው ቤተሰቡ የዜላንድ ክፍለ ሀገር ሰው ከሆነ ነው፤ በግንቦት 1940 ሚደልበርግ ስትቃጠል እጅግ ብዙ መዝገብ አብሮ ነዷል።

ጉዞው የሚያስፈልገው ለፋብሪካው ሰነድ ነው። ወንጂን ያቋቋመው የኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ መዛግብት የሚገኙት ሄግ ውስጥ፣ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ሰነዱን አስቀድመው ማስያዝ ይገባዎታል፤ የግል መረጃ ያለባቸው ፋይሎች ደግሞ የመታየት ገደብ ሊኖራቸው ይችላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ 1955 የሚለውን የጻፈው ማን ነው?

ከአዳማ፦

እህቴ፣ ሄግን ከማሰብዎ በፊት ወንጂ ይምጡ። በሆላንዶቹ ጊዜ ያገለገሉ አዛውንቶች ፎቶግራፉን ቢያዩ የሥራ ክፍሉን ለይተው ሊነግሩዎ ይችላሉ። መዝገቡ መቶ ዓመት ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁም።

የጅማዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈው እሱ ራሱ ሲሆን ዓመቱን የጨመረችው አያቴ ናት። የቀለሙም ዓይነት ይለያያል።

ሄግ ነዋሪ፦

እንግዲያው ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ማለትም ፎቶግራፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 1962 እስከ መስከረም 1963 ባለው ጊዜ የተነሳ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ ወንጂ ሸዋ ሥራ የጀመረው በዚሁ በአውሮፓውያኑ 1962 ስለሆነ ምናልባት ለእሱ የመጡ ባለሙያ ይሆናሉ። ሰነድ ሲያስይዙ በ1955 ሳይሆን በእነዚህ ዓመታት ይጠይቁ። ወደ ኔዘርላንድስ የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው እስከ ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ይጠይቃሉ። የነዋሪ ካርዱ ቅጂ ሲደርስዎ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት፤ የጉዞዎን ምክንያት በሚገባ ያስረዳልዎታል።