የትውልድ ቆጠራ ሶፍትዌር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የትውልድ ቆጠራ ፕሮግራም ጉዳይ እዚሁ ተነጋግረን አንድ ወረቀት እናድርገው። እስካሁን ስማቸው የተነሳው ማይሄሪቴጅ፣ ዌብትሪስ እና ግራምፕስ ናቸው። እኔ አንዱን መርጬ አልመጣሁም፣ የምለው ግን ፕሮግራሙ ለኛ ቆጠራ ይስማማ እንጂ ቆጠራችን ለፕሮግራሙ ተብሎ አይቆረጥ ነው። ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ነበር የሚወረሰው፣ ሰው ከዋና አባቱ ጀምሮ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ እየቆጠረ ነው መሬት ሲጠይቅ የኖረው፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ርስቱ ቢቀርም ቆጠራው ግን በሽማግሎቻችን አፍ አለ፣ እነሱ ሲያልፉ ደግሞ አብሯቸው እያለፈ ነው። በአባት መስመር ብቻ ከሄድን ግማሹን ገና ሳንጀምር ትተነዋል።

ከባህር ዳር፦
እኔ ማይሄሪቴጅን ያነሳሁት ስልክ ላይ ስለሚሰራ ነው። ወጣቱ ላፕቶፕ የለውም፣ ስልክ ግን አለው፣ አያቱ ቤት ቁጭ ብሎ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ያስገባል። ውጭ ያሉት ልጆቻችንም ያውቁታል።

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እህቴ የስልኩ ነገር ልክ ነሽ፣ ግን በነጻ የሚፈቅደው እስከ 250 ሰው ነው። እስቲ ቁጠሪው፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በአባትም በእናትም ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል፣ ሲደመር 254። ያውም የአንድ ሰው ወላጆችና ቅድመ አያቶች ብቻ፣ ወንድም እህት አጎት አክስት ሳይገባ። አንድ ሙሽራ ብቻውን ሞላው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ክፍያ ነው።

እኔ የምደግፈው ግራምፕስን ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሰሩት፣ ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። እዚህ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ስለምናውቀው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዌብትሪስም ነጻ ነው፣ ግን በድረ ገጽ መልክ የሚሰራ ስለሆነ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ስለ ስም ግን ከአሁኑ እንስማማ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሰሩት ቤተሰቡ በሙሉ አንድ የጋራ ስም ለሚይዝበት አገር ነው። ዌብትሪስ ላይ ልጅ ስትጨምሩ እንደ ሴቲንጉ የአባትየውን የመጨረሻ ስም ራሱ ይሞላላችኋል፣ በኛ ደግሞ ያ የአያት ስም ነው፣ ስለዚህ ልጁ የአያቱ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ካላስተዋልን ትውልድ ይዘላል። ሴቲንጉ ውስጥ የስም ልማድ የሚለውን «ምንም» ላይ ማድረግ ነው። ግራምፕስ ላይ ደግሞ የአባትን ስም በሁለተኛው ቦታ አስገብቶ «ከአባት የተወሰደ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ዝርዝሩም በራስ ስም ቢደረደር ይሻላል፣ በኛ አገር ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነዋ።

አስተማሪ፣ ሞጣ፦
ጥሩ ብለሃል ወንድሜ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ግን የዘመኑ ነገር ነው። ግራምፕስ የኛ አቆጣጠር አለው?

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ እሱ የለውም። ግሪጎሪያን፣ ጁሊያን፣ የአይሁድ፣ የእስልምና፣ የፋርስ፣ የፈረንሳይ አብዮት ጭምር አለው፣ የኛ የለም። ግን ኮዱ ክፍት ሆኖ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ መጨመር ይቻላል፣ ሁሉንም አቆጣጠር ውስጥ ለውስጥ ወደ አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር ነው የሚቀይረው፣ የኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በዛ ቁጥር 1724221 ላይ ያርፋል፣ ከዛ ወዲህ ያለው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ከጳጉሜ ጋር ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። እስከዛ ድረስ ግን አደራ፣ 1935 ብሎ የነገረንን እንዳለ የፈረንጁ ቦታ ላይ እንዳትጽፉ፣ ሰውየው በሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተወለደ ይሆናል፣ ታላቅና ታናሹም ይገለባበጣል።

የኔታ፣ ከዲማ (የወንድሜ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ)፦
ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ብቻ አይነግራችሁም፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ ይላችኋል፣ እሱንም ጻፉት። መመርመሪያ ይሆናችኋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት ስታካፍሉት አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በ1928 በዘመነ ሉቃስ ተወለድኩ ያላችሁ ሰው ቢኖር 1928 ዮሐንስ ነው፣ ሉቃሱ 1927 ነው፣ እንግዲህ ወይ ዓመቱን ወይ ወንጌላዊውን ተሳስቷል፣ ተመልሳችሁ በአክብሮት ጠይቁት። በየደብሩ ባሉት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይም የመሬትና የሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ እዩት።

አስተማሪ፣ ሞጣ፦
የኔታ እድሜ ይስጥልን። ይሄ የፍተሻ ሂሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ ቢገባ እንዴት ጥሩ ነበር።

አሁን የልቤን ልናገር። አብዛኛው ሽማግሌ ዓመት እንኳ አይጠራም። «በክፉ ቀን»፣ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እያሉ»፣ «ጣሊያን የገባ ጊዜ በእናቴ ጀርባ ነበርኩ» ነው የሚለው። የኛ ልጅ ይሄንን ሰምቶ 1928 ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ቁጥሩ ቀረ፣ ሰውየው ያለው ነገር ግን ጠፋ፣ ነገ ሌላ ሰው ልመርምረው ቢል የሚይዘው የለውም። እኔ በፕሮፖዛሉ ላይ ከሁሉም በላይ እንዲሰፍር የምፈልገው የተናገረው እንደተናገረው፣ ከነተናጋሪው ስምና ከተነገረበት ቀን ጋር ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለት ሽማግሎች ተለያይተው ቢቆጥሩም ሁለቱም ይጻፉ፣ እኛ ዳኛ አይደለንም።

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ ይሄ ይቻላል። ቀን ሲገባ «አካባቢ»፣ «በፊት»፣ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ይቻላል፣ አጠገቡም የራስን ቃል መጻፊያ ቦታ አለ። ክፉ ቀን ካሉ ከ1880 እስከ 1884 ብለን ወደ ፈረንጁ ቀይረን እናስገባና ቃላቸውን እንዳለ ከጎኑ እንጽፈዋለን። ለያንዳንዱ ወሬ ምንጭ ይያያዝበታል፣ ድምፅ የተቀዳበት ፋይልም ጭምር። ቦታውም እንደዛው ነው፣ አንድ ቦታ በየዘመኑ የነበረውን ስምና ከማን ሥር እንደነበረ ከነዓመቱ ይይዛል፣ መንቆረር ያሉትም ደብረ ማርቆስ ያሉትም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ አውራጃ የነበረውም ዞን ከሆነው ጋር አይጋጭም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ፍለጋው ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ሦስት ሰው። ሀ ሐ ኀን ከነሃ ሓ ኃ፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ትንሽ ተጨማሪ ኮድ መጻፍ አለብን። አጻጻፉን ግን አናስተካክልም፣ እንደተጻፈ ይቆይ።

ከቢቸና፦
እኔ የምለው ሴቶቹስ? ቆጠራ ሲባል «እገሌ እገሌን ወለደ» እየተባለ ነው የሚነበነበው፣ እናትየው ስሟ የሚነሳው ርስት በሷ በኩል ሲመጣ ነው። በፎርሙ ላይ የእናት ስም ከነአባቷ ሳይሞላ እንዳይታለፍ ይደረግ፣ ካልታወቀም አልታወቀም ተብሎ ይጻፍ። የክርስትና ስምም ይግባ፣ የዓለም ስሟ ጠፍቶ ወለተ ማርያም ብቻ የሚባሉ ስንት ቅድመ አያቶች አሉን። የጡት ልጅም የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ከተወለደው ጋር መደባለቅ የለበትም፣ መሰረዝም የለበትም።

ሌላው በጣም የምፈራው ነገር በየቤቱ የሚደበቅ አለ። ያለ ጋብቻ የተወለደ አለ፣ በዘሩ የሚሰደብ አለ፣ በሥራው ምክንያት ቤተሰቡ ሲገለል የኖረ አለ። ይሄ ወጥቶ የአንድ ልጅ ጋብቻ ቢፈርስ ማን ነው የሚጠየቀው?

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እትዬ ይሄን ስላነሱት በጣም ነው የማመሰግንዎት። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። በሕይወት ያለ ሰው ራሱ ካልፈቀደ ስሙ ከቤተሰቡ ውጪ አይወጣም ብለን እንጻፍ።

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ግራምፕስ እያንዳንዱን መረጃ «የግል» ብሎ መቆለፍና ፋይል ሲላክ በሕይወት ያሉትን አውጥቶ መላክ ይችላል። ግን ዋናውን ፋይል የያዘ ሰው ሁሉን ያያል፣ ስለዚህ ማን ይያዘው የሚለውን ጉባኤው ይወስን፣ እሱ የእምነት እንጂ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፣ ደጀን፦
ወጪውስ? ነጻ ነው ስትሉ ደስ ብሎኛል ግን መብራት ሲጠፋ፣ ላፕቶፑ ሲበላሽ፣ ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድስ?

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ወጪው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው፣ አንዱ ደጀን አንዱ ሞጣ ይቀመጣል። በየወሩ በራሱ በግራምፕስ ፎርማት ባካፕ እንይዛለን፣ በጌድኮም ማውጣትም ይቻላል፣ ጌድኮም ማለት አብዛኛው የዘር ፕሮግራም የሚያነበው ፋይል ነው፣ ግን እኛ የጨመርናቸውን ነገሮች ሁሉ ላይሸከም ስለሚችል ብቻውን አንተማመንበትም። የኮዱን ለውጥም ከነማብራሪያው በአማርኛ ጽፌ አስቀምጣለሁ፣ ሌላ ልጅም አሰለጥናለሁ።

ከባህር ዳር፦
እሺ እኔም ግራምፕስን ተቀብያለሁ፣ ስልኩን ለድምፅና ለፎቶ መሰብሰቢያ ካደረግነው። ወጣቱ ቀድቶ ያምጣ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚያስገቡት ሁለት የተመረጡ ሰዎች ይሁኑ።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው እንዲህ ይነበባል፣ ያልተስማማችሁበት ካለ እስከ እሁድ ጻፉልኝ፦ «ማኅበሩ ግራምፕስን እንዲጠቀም፤ ቆጠራው በእናትም በአባትም እኩል እንዲመዘገብ፤ የሽማግሌ ቃል እንደተነገረ ከነተናጋሪው እንዲቀመጥ፤ የእኛ አቆጣጠር፣ የወንጌላዊው ፍተሻና የፊደል ፍለጋ እንዲጨመሩበት፤ በሕይወት ያለ ሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ እንዳይወጣ፤ ወደ ሁሉም ወረዳ ከመሄዳችን በፊትም ደብረ ኤልያስ ላይ በአንድ ቤተሰብ ሙከራ እንዲደረግ።» ፋይሉን ማን ይያዝ የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፣ የኔታ እርስዎ ጉባኤው ላይ ቢገኙና ቢመክሩን።

የኔታ፣ ከዲማ፦
እመጣለሁ። ላፕቶፑንም አምጡት፣ የራሴን ሰባት ቤት ልቁጠርላችሁና እዛው ሞክሩበት።