«ፈቃዱማ የኔ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጭቃ አቡኪዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች፣ እስቲ አንድ ነገር ፍቱልኝ። ከግቢ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም ተሰባስበን ሱሉልታ አካባቢ የአንዲት እናት ቤት ልናድስ ወጥተን ነበር። የአንዱ ጎን ምርጊት ረግፎ ማገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራችን እያቦካን እሳቸው በር ላይ ብቅ ብለው «እናንተ ደግሞ ምንድናችሁ?» አሉን፣ አስተባባሪያችን ደረቱን ነፍቶ «በጎ ፈቃደኞች ነን እማማ» ሲላቸው እሳቸው ሆዬ «ፈቃዱማ የኔ ነው፣ የናንተማ ጉልበት ነው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ማታ ክብ ሰርተን «በጎ ፈቃድ ለኔ ምንድነው» እየተባባልን አንዱ ሰደቃ ነው አለ፣ አንዷ አገልግሎት ነው አለች፣ እኔ ግን የሳቸው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ቀልድ ነው ወይስ ቃሉ እኛ ያላወቅነው ትርጉም አለው?

ተማሪ ቤት የከረመ፦
ቀላል ነው። በግእዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ነው። «ይኩን ፈቃድከ» ስትሉ መቼም ወረቀት አውጣልን እያላችሁ አይደለም። ለአማርኛው «ፈቀደለት» ግእዙ «አብሐ» አለው፣ የተፈቀደው «ብውሕ» ነው። አማርኛ ሁለቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። ልጆቹ «ወደን መጣን» ነው ያሉት፣ እናትየዋ የሰሙት የቀበሌውን ፈቃድ ነው። ስህተቱ የሳቸው ነው።

ሽሮ ሜዳ፦
በገዛ ቤታቸው ደጃፍ? ይሄ ድፍረት ከየትኛው ጉባኤ ቤት ነው የተማርከው

ቢሮ ሆኜ የማነብ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በጎ ፈቃድ ከዓመት ፈቃድ ይቀነሳል?

የደሴው፦
ሰደቃ ያለው ልጅ ቃሉን አላገኘውም ባይ ነኝ። ሰደቃ የሚሰጠው ነገር ነው፣ ጉልበትም ሊሆን ይችላል፣ «ወድጄ መጣሁ» የሚለው ግን ኒያ ነው፣ ልብ ውስጥ ያለው። እሱን ደግሞ በር ላይ ቆሞ አይናገሩትም። በነገራችን ላይ ሰደቃና ፅድቅ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፣ ዐረብኛውና ግእዙ ዘመዳሞች ስለሆኑ። ማታ ክብ ሰርታችሁ ስትከራከሩ ዘመድ ነው ያጣላችሁት።

ተማሪ ቤት የከረመ፦
ዝምድናው ልክ ነው። ግን ጽድቅ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፣ በፀሐዩ አይደለም።

የደሴው፦
በስልክ ነው የምጽፈው አቦ። ይኸው ጸ፣ ይኸው ጸ ጸ ጸ።

ቅን አሳቢ፦
እኔ ደግሞ በጎ ከበግ የመጣ ይመስለኛል። የዋህ፣ የማይዋጋ፣ የሚነዱት። በጎ ፈቃደኛም ሂድ ሲሉት የሚሄድ ነው ሃሃ

ተማሪ ቤት የከረመ፦
በግ በግእዝ በግዕ ነው፣ መጨረሻው ላይ ዐይን የሚባለው ፊደል (ዐ) አለው። ዐይኑን የት ጥለኸው ነው በጎ ያደረግከው?

ሽሮ ሜዳ፦
ወደ ቁም ነገሩ። የከረመው ወንድማችን «ይኩን ፈቃድከ» ላይ ቆመ እንጂ በጎ ፈቃድ የሚለው ጥምረት ራሱ የት እንዳለ አላየም። የ1954ቱን አማርኛ ሉቃስ 2፥14 ክፈቱ፣ «ለሰውም በጎ ፈቃድ» ይላል። ግእዙ ደግሞ «ሥምረቱ ለሰብእ» ነው። ሠምረ ማለት ደስ ተሰኘበት፣ ወደደው ነው። እንግዲህ እዚያ ላይ በጎ ፈቃዱ ከሰውየው አይወጣም፣ ወደ ሰውየው ነው የሚመጣው። ሰው ተቀባይ ነው። እናንተ ግን ቲሸርት ላይ አትማችሁ የራሳችሁ አደረጋችሁት። እማማ «የኔ ነው» ቢሉ ምን አጠፉ?

ተማሪ ቤት የከረመ፦
ሥምረት የእግዚአብሔር ነው እንጂ የባለቤቷ አይደለም። ዜማ ቤት ብቻ ገብቶ ትርጓሜ መነካካት ጥሩ አይደለም።

ሽሮ ሜዳ፦
ዜማ ቤትም አልገባሁ፣ አያቴ ነበሩ የገቡት። የደጃፉን ጥያቄ ግን አልመለስክም።

የሰበታ ልጅ፦
ሱሉልታ ካላችሁ መጀመሪያ በምን ቋንቋ እንዳሰቡት ጠይቁ። በኦሮምኛ መውደድ ፌዺ ነው፣ መፍቀድ ሀየማ ነው፣ አይምታቱም። በጎ ፈቃደኝነት ደግሞ ቶላ ኦልቱማ ነው፣ ቶላ በነፃ ማለት ነው፣ ውስጡ ስለ ፈቃድ ምንም የለበትም። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ ቢሆን ልጁ ምንም አይባልም ነበር።

ጭቃ አቡኪዋ፦
ለኛ በአማርኛ ነው የነገሩን፣ ከጎረቤታቸው ጋር ግን በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት። ደግሞ እውነት ለመናገር ስንደርስ ቀድሞ የጠየቃቸው ያለ አልመሰለኝም፣ መኪናው እንደቆመ በቀጥታ አካፋ ነው ያወረድነው።

ሽሮ ሜዳ፦
በቃ! ሀየማ ነው። ዘጋነው።

ቅን አሳቢ፦
ቆይ ቆይ፣ ልጃቸው ፈቃዱ የሚባል ቢሆንስ? «ፈቃዱማ የኔ ነው»። ሰሙ ሌላ ወርቁ ሌላ!

የደሴው፦
አሁን ገና አንድ ነገር ተናገርክ ወላሂ

ጭቃ አቡኪዋ፦
አላሰብኩትም! ልስኑ ስለቀረ እንመለሳለን፣ ያኔ እጠይቃለሁ።

ተማሪ ቤት የከረመ፦
ስትሄዱ ንገሩኝ፣ እመጣለሁ። ጭቃ አላቦካም፣ ከሳቸው ጋር የምጨርሰው የሰዋስው ጉዳይ አለኝ።

ሽሮ ሜዳ፦
«ጭድ አቀብል» ነው የሚሉህ።