በኮምቦልቻ አዲስ ቤት ለመግዛት፦ ከአልሚው ጋር ዋጋ እንዴት ልደራደር?

ጠያቂዋ፣ ከጅዳ

ውድ የወሎ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በኮምቦልቻ ከተማ በመጠናቀቅ ላይ ባለ ሕንፃ 96 ካሬ የተባለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለመግዛት ተነጋግሬ፣ አልሚው በካሬ 55,000፣ በድምሩ 5,280,000 ብር ጠይቆኛል። ግማሹን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ ዋጋው እንደሚጨምር ነግሮኛል፤ ወንድሜም «ያመልጥሻል» እያለ በየቀኑ ይደውላል። ባለፈው ዓርብ ግን እህቴን ሜትር አስይዤ ልኬ፣ በቪዲዮ እያየኋት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ስትለካ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ሁሉ ተደምሮ 79 ካሬ ሆነ። ገንዘቡ የዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሥራ ነውና ምከሩኝ።

ከዴንቨር

እህቴ፣ ድርድሩን እህትሽ ከለካችው ጀምሪ። አልሚዎች ካሬ ሲሉ ብዙ ጊዜ የግድግዳውን ውፍረት፣ የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምረው ስለሆነ ልዩነቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋው ለ79 ሲካፈል በካሬ ከ66,000 ብር በላይ እየከፈልሽ ነውና የተጣራውና ጠቅላላው ስፋት በውሉ ተለይተው ይጻፉ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በተነገረሽ ዋጋ ውስጥ መኖሩን፣ ስም ሲዛወር የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም ማን እንደሚሸፍን አስቀድመሽ ጠይቂ።

በግንባታ ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ እንዳየሁት፣ አልሚ የካሬውን ዋጋ ዝቅ ማድረግ አይወድም፤ ለሚቀጥለው ገዢ መነሻ ይሆንበታልና። የኩሽና ካቢኔውን፣ የውኃ ታንከሩን ወይም የመኪና ማቆሚያውን በዚያው ዋጋ እንዲጨምር ብትጠይቂው ግን ይቀለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው የአከፋፈሉ ነገር ነው፦ ግማሹን በአንድ ጊዜ ከሰጠሽ በኋላ የምትደራደሪበት ምንም አይቀርሽም፤ ስለዚህ ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፋፈል። ካርታው በማን ስም እንደሆነና በባንክ ዕዳ አለመያዙንም አጣሪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መደረግ አለበት፤ በቢሮው የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያድንሽም።

ከሽቱትጋርት

አብሽሪ እህቴ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ሰፈራችን ሲወርድና ዝናቡ የእናቴን ቆርቆሮ ሲደበድበው እስካሁን ይሰማኛል። እኔም እንዳንቺ ቤት ልገዛ አስቤ ነበር፤ ሆኖም በየወሩ ለእናቴ ከምልከው ላይ ቀንሼ ቅድሚያ ክፍያ ማጠራቀም አልሆነልኝምና የእርሷን ቤት ማደስ መረጥኩ። የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለወንድምሽ ሙሉ ውክልና አትስጪ። አልሚው ሲያጣድፍ ወንድምሽም አብሮ የሚያጣድፈው ለምን እንደሆነ ጠይቂ።

ከሚኒያፖሊስ

ይህን አባባል መቀበል ይከብደኛል። እኛ በሌለንበት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ጉዳያችንን የሚያስፈጽምልን ወንድም ነው፤ የአልሚው ጥፋት ለምን በእርሱ ይላከካል? እኔ ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼ፣ እርሱ ኮምፒውተር ላይ ከተሳለው ሥዕል ይልቅ መሬቱን አይቶ፣ መሠረቱ ሲረጥብ በሚያብጥ፣ ሲደርቅ በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ላይ መሆኑን ስለነገረኝ ከአንድ ግዢ ድኛለሁ።

ከሽቱትጋርት

ወንድምዎ ታማኝ በመሆናቸው ደስ ይለኛል። እኔ ያልኩት ውክልናው ቤቱ፣ የዋጋው ጣሪያና የክፍያው መጠን ተጠቅሰው የተወሰነ ይሁን ነው። ሙሉ ውክልና ሰጥታ ቤቷ ሳታውቅ የተሸጠባትን አክስቴን አይቻለሁና ስለ እምነት ብቻ ማውራት አልችልም።

ከሚኒያፖሊስ

የአክስትዎ ጉዳይ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን በአንድ ሰው በደል ወንድምን ሁሉ መጠርጠር ቤተሰብ ያፈርሳል።

ጠያቂዋ፣ ከጅዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ እህቴ ሄዳ ሁለቱ ስፋቶች የተለዩበትን ረቂቅ ውል እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ፤ ወንድሜ ግን ውክልናውን እንደሚጠብቅ ዛሬም ደውሎ ነግሮኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ የተባለው ቀጠሮ የእውነት ይሁን ማስፈራሪያ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ የቀረኝ አሥራ አንድ ቀን ነው።