ጎዙ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል፣ ባለባጃጁም ፈርሙ እያለ ነው፤ ቶሎ መልሱልኝ

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜን ትናንት ባጃጅ ገጨው። በሳይክል ነበር። ክንዱና ጉልበቱ ክፉኛ ተልጧል። ክሊኒክ ወስደነው አጥበው በጎዝ ጠቅልለው ሰደዱን። አሁን ልቀይርለት ስል ጎዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ። ትንሽ ስስበው ጮኸ፣ ደም መጣ። ተውኩት።

ሌላው ደግሞ ባለባጃጁ ነው። ትናንት 1,500 ብር ሰጥቶን ነበር። አሁን ደውሎ "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም ብላችሁ ትፈርማላችሁ" ይላል። ካልፈረማችሁ ብሩን መልሱ አለ። ብሩ በመድኃኒትና በትራንስፖርት አልቋል። እማዬ ፈርመን እንገላገል ትላለች። ጥፋቱ የሱ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቷል። ምን እናድርግ?

ጋሼ ሹፌር

እግዜር ይማረው ልጄ። ግን ልናገር። እኔ ከባድ መኪና ስነዳ ነው ያረጀሁት። ድሬ ላይ ሳይክል የሚነዳ ልጅ መብራት የለው፣ ፍሬን የለው፣ ኋላውን አያይ። አንዱ ኮርቻው ላይ፣ ሌላው ኋላ፣ ሦስተኛው ፊት ብረቱ ላይ ተጭነው ያልፋሉ። ከተማችን ሜዳ ነች፣ መንገዱ ለሳይክል ይመቻል፤ ያ ነው ልጆቹን ያዘናጋቸው። ድሮ እኛ ፍሬናችንን ሳንሞክር ከቤት አንወጣም ነበር። ወላጅ ሳይክል ሲገዛ አብሮ መብራትም ይግዛ። ይሄን የምለው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፣ ለሌሎቹ እንዲሆን ነው።

ዜድ ከመጋላ

አቦ ጋሼ፣ ልጁ እየተቃጠለ ነው እርሶ ፍሬን ይላሉ! እህቴ፣ ቡና ነስንሺበት። የተፈጨ ቡና። ደሙንም ያቆመዋል፣ ቶሎም ያደርቀዋል። የኛ ቤት መድኃኒት ነው፣ ወላሂ።

ሀናን

እኔም ቡና ነው የምለው። ልጄ ኮብልስቶን ላይ ወድቃ በቡና ነው የዳነችው።

ነርስ ነኝ

ቡናውን ተዉት፣ እባካችሁ። ቡና ቁስል ላይ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ቆሻሻውም ከሥሩ ይታፈናል። የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም እንደዚያው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎዙን አትሳቢው። አዲስ የበቀለውን ስስ ቆዳ አብሮ ይነቅለዋል። ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ፋርማሲ ክፍት ከሆነ ኖርማል ሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን የጨው ውሃ) ግዢ፣ እሱ ይሻላል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ጎዙ ላይ ቀስ እያልሽ አፍስሺ፣ ሲደርቅ ጨምሪበት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራስ። አትቸኩዪ። ከዳር ጀምረሽ ስታነሺው በራሱ ይለቃል። አንድ ቦታ እምቢ ካለ እዚያ ላይ ደግመሽ አርጥቢ።

አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ጭንቅላቱ ተመትቷል? አስመልሶታል? ከወትሮው በላይ ይተኛል? የቴታነስ መርፌ ክሊኒኩ ወግቶታል? ዕድሜው ስንት ነው? ክንዱ ሲታጠፍ ይታጠፋል?

ባጃጅ ነጂ ነኝ

ሁሌ ባጃጅ ጥፋተኛ ነው ትላላችሁ። እህቴ፣ ሰው ሁሉ አይቷል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው ያየው? ስሙን ይዘሻል? ሳይክሉ በቀኝ ነበር ወይስ አቅጣጫ ስቶ? እኛ በቀን ገቢ እናስገባለን፣ የቤት ልጅ እናበላለን፣ ትንሽ ነገር ስትነካን 1,500 ብር ማለት የሁለት ቀን ኑሮ ነው። ሹፌሩ ሰጥቶ ደግሞ ሸሸ አይባልም፣ ቆሞ አሳክሟል። እንደዚህ ዓይነቱን ሹፌር አታስከፉት።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

እሺ ነርስ፣ ውሃ እየፈላ ነው። ጭንቅላቱ አልተመታም፣ አላስመለሰውም፣ በደንብ እያወራ ነው። እጁ ይታጠፋል ግን ያመዋል። ዕድሜው 16። መርፌውን አላስታውስም፣ ወረቀቱ ላይ ክኒን ብቻ ነው የተጻፈው።

ወንድም ባጃጅ ነጂ፣ ሹፌሩ ቆሞ ማሳከሙን አልካድኩም፣ አመሰግነዋለሁም። ግን በድንገት ዞሮ ነው የመታው። ወንድሜ ከለገሃር ወደ ከዚራ ቀኙን ይዞ ይሄድ ነበር። አንድ ሱቅ ያለው ሰውዬና ሻይ የምትሸጥ እናት አይተዋል። ትራፊክ አልጠራንም። ባጃጁም የሱ አይደለም፣ "ባለንብረቱ ጋ ቢሄድ ሥራዬን አጣለሁ" አለ። ለዛ ነው እማዬ አንጀቷ የተላወሰው።

ከሐረር

እኛ ጋ ሳይክል የለም ማለት ይቻላል። ዳገቱን ማን ይገፋል! የደንገጎን ዳገት በሳይክል የሚወጣ ካለ እኔ አጨበጭብለታለሁ። ወንድምሽን አላህ ያሽረው።

ራፖር ጸሐፊው

ፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ዓይነት ጉዳይ በየሳምንቱ አያለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

"ጥፋቱ የማነው" እያላችሁ ነው፣ ግን የእናንተ ጉዳይ በዚያ ብቻ አይወሰንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ባለንብረቱ ራሱ ባይነዳም፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ቀላል የሚሆንለት ተጎጂው ራሱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ጥፋተኛ ከሆነ ነው። እና ወንድምሽ ቀኙን ይዞ መሄዱን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ዛሬ ማታ ያዢ። ነገ ሰው ይረሳል።

ሹፌሩ ሥራዬን አጣለሁ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ባጃጅ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ነው። አዋጅ ቁጥር 799፣ የ2005 ዓ.ም. ነው። መድን መግባቱን የሚያሳየው ምልክት ከፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። መድኑ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ይሸፈናል ይላል፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ ሌላ ካሳ አለ። ሹፌሩ ከኪሱ አውጥቶ እንዲደኸይ ማንም አይፈልግም። ግን ለመድኑም ቢሆን የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ በፊት ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሂዱና አመልክቱ። ዘገየ ብላችሁ አትቅሩ። ፖሊስ ለሐኪም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሐኪሙ ጉዳቱን መዝግቦ ማስረጃ ይሰጣል።

ወረቀቱን አትፈርሙ። አንደኛ፣ ቁስሉ ገና ትናንት ነው፣ ነገ አጥንት ተሰነጠቀ ቢባል ምን ትላላችሁ? ሁለተኛ፣ ልጁ 16 ዓመቱ ነው፣ ለአካለ መጠን አልደረሰም፣ በራሱ ፈርሞ ከማንም ጋር አይዋዋልም። አንቺም እህቱ ነሽ እንጂ ሞግዚቱ አይደለሽም። የሚመለከታት እናትሽን ነው። እሷም ተጨንቃ አትፈርም።

ባጃጅ ነጂ ነኝ

እሺ፣ ስለ መድኑ ልክ ብለሃል። ብዙ ሹፌር ባለንብረቱን ስለሚፈራ ከኪሱ ይከፍላል። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ያን ጊዜ ይሄን የሚነግረኝ አልነበረም። እህቴ፣ የጎን ቁጥሩንና ታርጋውን ይዘሻል አይደል?

ዜድ ከመጋላ

ቡናው ቀረ ማለት ነው? እሺ አቦ። ለነርሷ ግን ይቀዳላት።

ሀናን

ልጄ ግን በቡና ነው የዳነችው እኮ።

ነርስ ነኝ

ሀናን፣ ልጅሽ ስለዳነች ደስ ብሎኛል፣ ግን የዳነችው ቡናው ቢኖርም ነው እንጂ በቡናው አይደለም። አታስቸግሪኝ እናቴ።

የሳቢያን ልጅ፣ የቴታነስ መርፌ ነገሩ ያሳስበኛል። መንጋጋ ቆልፍ የምንለው በሽታ ከአፈርና ከቆሻሻ በቁስል በኩል ነው የሚገባው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አልረፈደም፣ ግን አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ሕክምና ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን። ከመጨረሻው ክትባቱ 5 ዓመት ካለፈው ቆሻሻ ቁስል ላይ መርፌ ይደገማል። ካልተከተበ ወይም የማታውቁ ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ ሌላ መርፌ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሳቢያን ሆስፒታልም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ክኒኑ የሕመም ማስታገሻ ከሆነ የታዘዘለትን መጠን ይውሰድ። ቁስሉ ዙሪያው እየሰፋ ቢቀላ፣ ቢያሙቅ፣ መግል ቢያወጣ፣ ቢሸት፣ ትኩሳት ቢይዘው፣ ወይም ከቁስሉ ወደ ላይ ቀይ መስመር ብታዪ ጊዜ አትስጪው።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 3:05

ጎዙ ለቀቀ!! ኧረ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የክንዱ ቀላል ነው። ጉልበቱ ላይ ግን ከቆዳው ውስጥ ጥቁር ጥቁር ነገር ይታያል፣ አሸዋ መሰለኝ። በወረንጦ ላውጣው?

ነርስ ነኝ

ከላይ የተቀመጠውን በንጹህ ውሃ በራሰ ጎዝ ቀስ አድርገሽ ጥረጊው። ወደ ውስጥ የገባውን ግን አትቆፍሪ፣ ነገ ሐኪሙ አደንዝዞ ያጥበዋል። ዛሬ ነገ ሳይባል መውጣት አለበት። ቆዳው ከላይ ከተዘጋበት አፈሩ ለሁልጊዜ እንደ ንቅሳት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የአስፋልትና የኮብልስቶን ቁስል ላይ ይሄን ብዙ አይቻለሁ። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን ቢታጠብ የሚቀር ነገር ነው።

ካጠብሽው በኋላ ስስ አድርገሽ ቫዝሊን ቀቢው፣ ከዚያ ፋርማሲ የሚሸጠውን የቫዝሊን ጎዝ፣ ከላዩ ደረቁን። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ አይጣበቅም። ዛሬ የተጣበቀው ደረቅ ጎዝ በቀጥታ ቁስል ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቁስል አየር ይምታው፣ ይድረቅ የሚባለው ልማድ ለእንዲህ ዓይነቱ አይሠራም፣ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ቶሎ ይድናል። አልኮልና ፐርኦክሳይድ አታፍስሺ፣ ያቃጥላል፣ አዲሱንም ሥጋ ይገድላል። በቀን አንዴ ቀይሪ፣ ከራሰ ወይም ከቆሸሸ ወዲያው። ከዳነ በኋላም የድሬ ፀሐይ አዲሱን ቆዳ ያጠቁረዋል፣ ለጥቂት ወራት ሸፍኖ ይሂድ።

ሽማግሌ ነኝ

ልጆቼ፣ ሽምግልናን አትናቁ። ድሬ ላይ ስንቱን ጠብ አብርደናል፣ ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው አንድ ላይ ተቀምጦ። ፍርድ ቤት ይቆያል፣ ያስከፋል። ባለባጃጁም አካባቢያችን ነው የሚነዳው።

ራፖር ጸሐፊው

አባቴ፣ ሽምግልናው ይቀመጥ፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን "ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም" የሚለው መስመር ይውጣ። የተሰጠው 1,500 ብር "ለሕክምና የተሰጠ" ተብሎ ይጻፍ። ቀሪው ሕክምና እስኪያልቅ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሳይክሉን ማን እንደሚያሠራ ይጻፍ። ባለንብረቱም ይገኝ። ሕጉ ለካሳ ክስ የሚሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ነገ 3 ሰዓት ላይ የሚያጣድፍ ነገር የለም። የሚቸኩለው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ብሩን መልሱ ቢል ደረሰኙን አሳዩት። ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፣ የትራንስፖርቱም በወረቀት ይመዝገብ። ሳይክሉን ገና አታሠሩት፣ የተጣመመውን ፎቶ አንሱ። የተቀደደ ልብሱንም አታጥቡት። ቁስሉን አሁን ሳትሸፍኚው በፊት ፎቶ አንሺው፣ በየቀኑም።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ነጻ ድጋፍ የሚሰጡበት አለ፣ ጠይቁ። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁም ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አምጥታችሁ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። አቤቱታውን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ ከእናንተ ምንም አልቀበልም።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 4:20

ፎቶ አንስቻለሁ፣ ጠቅልዬዋለሁ፣ ተኝቷል። ለእማዬ አነበብኩላት። "እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቡና ላፍላ ወይስ አላፍላ?" አለችኝ። አፍዪላቸው አልኳት፣ ለመጠጥ። ነገ እነግራችኋለሁ።

ነርስ ነኝ፣ በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት

የሳቢያን ልጅ፣ መርፌውን ተወጋ? አሸዋውስ ወጣ?

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ በሦስተኛው ቀን

እህቴ ደህና ናችሁ? ሹፌሩን ካወቅሁት ላናግርልሽ እችላለሁ።

ሀናን፣ በአምስተኛው ቀን

ነርስ፣ አትቆጪኝ። የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ወድቆ ቡና ነስንሰውበት ጠሩኝ። አሁን ደርቆ ቁስሉ ላይ ተጋግሯል። ምን ላድርግ?

ነርስ ነኝ

አትፋቂው ሀናንዬ። የቀዘቀዘ ፍል ውሃ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ቡናው በራሱ ይለቃል። መርፌውንም ጠይቂያቸው።