የጌም ካታና አምሳያዬ በክረምት ነጠብጣብ አወጣ፤ እንዴት ልያዘው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አጎቴ ከዱባይ ሲመጣ «ጎስት ኦፍ ጹሺማ» በተባለው የፕሌይስቴሽን ጌም ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጂን ሳካይ የሚታጠቀውን ካታና፣ ማለትም የጃፓን ጎራዴ፣ አምሳያ አመጣልኝ። እውነት ለመናገር ከእጄ ከገቡት ዕቃዎች ሁሉ እንደዚህ የምሳሳለት የለም። ነሐሴ ላይ ከአፎቱ ሳወጣው ግን ከመከታው (እጀታውና ብረቱ መካከል ካለው የእጅ መከላከያ) ከፍ ብሎ፣ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። እጀታውም ትንሽ ይነቃነቃል። እናቴ ቅቤ ቀባው ትለኛለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ በአመድ እሸው ይላል። ምን ልቀባው? አፎቱ ውስጥ ላቆየው ወይስ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ልስቀለው? እያጠራቀምኩ ስለሆነ ሌላ ልጨምርም አስባለሁ፤ ስገዛ ምን ልይ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ፣ ነጠብጣቡ ላይ ላዩን ከሆነ ይለቃል። ሥራዬ ቶርኖ ነው፤ አምሳያ ጎራዴ መሰብሰብ የጀመርኩትም ከብረት ፍቅር የተነሳ ስለሆነ ከብረቱ ልጀምር።

ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠሩ ናቸው። አንደኛው የማይዝገው ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለበት። ለጌጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ ነው የሚሠሩት። ሁለተኛው የካርቦን ብረት ነው። ሻጮች 1045፣ 1060 ወይም 1095 ብለው ሲጽፉ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 1060 ማለት 0.60 በመቶ ያህል ካርቦን ማለት ነው። ይህኛው ስለት ይይዛል፣ ቢመታም ይችላል፤ እርጥበት ላይ ግን ደካማ ነው። ያንተ ካርቦን ይመስለኛል። በማግኔት ለመለየት አትድከም፤ ለጎራዴ የሚውለውን የማይዝግ ብረትም ማግኔት ይስበዋል። ጨርሶ ካልሳበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ነው።

ነጠብጣቡ ጣት በሚያርፍበት መውጣቱ አያስገርምም፤ የእጅ ላብ ጨው አለው። ብረቱን በባዶ እጅ አትንካው። አሁን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አሮጌውን ዘይት ጥረግለት፤ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልም ደግመህ አጽዳው። ጨርቁን በጀርባው በኩል ይዘህ ከመከታው ወደ ጫፉ ብቻ ሳበው፤ ወዲያና ወዲህ ማለት ጣት ያስቆርጣል። ከዚያ ነጠብጣቡን በስፌት መኪና ዘይት አርሰህ አሳድረውና በማግስቱ በጨርቅ እሸው።

አመድና የብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። በብረቱ ላይ የምታያት ነጭ ሞገድ ሃሞን ትባላለች፤ በጃፓን አንጥረኞች ሥራ ጭቃ ተቀብቶ፣ ግሎ፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር የምትወጣ ናት። በርካሽ አምሳያ ላይ ግን በአሲድ የተሳለች ስለሆነች ፍተጋ ያጠፋታል። ቅቤም ይቅር፤ ይሸታል። የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጃፓኖች ራሳቸው የሚቀቡት ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ቀጭን ዘይት ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት ደሴ ሞልቷል፣ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ጥቂት ጠብታ ቀብተህ፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ አሳሳው።

ወደ አፎቱ ስንመጣ፣ ደሴ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጦሳ ላይ ጉሙ ሲወርድ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል። አፎትህ ውጪውን በቀለም ተደፍኗልና የገባው እርጥበት ቶሎ አይወጣም። ጃፓን ውስጥ ብረቱን ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡት ቀለም ባልተቀባ እንጨት ነው። አንተ በክረምት ቶሎ ቶሎ እያወጣህ ጥረገው፣ ዘይቱን አድስለት። አፎቱን ከውጭ ግድግዳ አርቀው፤ የቆዳ ከረጢት ውስጥም አትክተተው። ሲቀመጥ በአግድም፣ ስለቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ያኔ ስለቱ እንጨቱን አይበላውም።

እጀታው የሚነቃነቅ ጎራዴ በፍጹም አይወዛወዝም። አንድ ልጅ የተሰበረ አምሳያ ቶርኖ ቤት ድረስ አምጥቶልኝ ነበር፤ እጀታውን ስፈታው ውስጥ ያለው ጭራ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ነው፤ እሱም በብየዳ ነጥብ ብቻ ተይዟል። ብየዳው ላይ ነው የተቆረጠው። ብረቱ ሲወዛወዝ ተነቅሎ ቢሄድ ፊቱ ያለውን ሰው ያገኘው ነበር። በደህና የተሠራው ግን ጭራው ሰፊ ሆኖ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ መኩጊ በሚባል የቀርከሃ ችንካርም ይታሰራል። ስትገዛ ፎቶግራፍ ጠይቅ፤ ጭራውን ሊያሳይህ የማይፈልግ ሻጭ ጋር አትደራደር።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ ታሪኩ ይስበኛል። ጌሙ የሚጀምረው ሞንጎሎች ጹሺማ ደሴትን በወረሩበት በ1274 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 ነግሦ ነበርና ዘመኑ ከኛው ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሚያስተምሩበት ገዳም ነበር። በዚያ ዘመን የጃፓን ባላባት የሚታጠቀው ግን ታቺ የሚባለውን፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ የሚንጠለጠለውን ነው። ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መቀነት ውስጥ የሚሻጠው ካታና የተስፋፋው በኋላ ነው። ጌሙን አልነቅፍም፤ ውበቱን እወደዋለሁ። ስብስብህ ዘመኑን እንዲመስል ከፈለግህ ግን ቀጣዩ ታቺ ይሁን፤ እሱን ለእይታ ስታስቀምጠው ስለቱ ወደ ታች ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ጋሼ ቦርከና፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ነጠብጣቡ ለቀቀ። እጀታውን እንዳሉት አየሁት፤ ችንካር አለው፣ ጭራውም ሰፊ ነው። ችንካሩ ግን ተሰንጥቋል። በሚስማር ልተካው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

እሰይ፣ ጭራው ሰፊ ከሆነ ደህና ዕቃ ነው የያዝከው። ሚስማር አይሆንም፤ የእጀታውን እንጨት ያሰፋዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። የቆላ ቀርከሃ ፈልግ፤ የደጋው ውስጡ ባዶ ነው፣ የቆላው ግን ድፍን ነው። የደረቀውን መርጠህ ጭረቱን ተከትለህ ፈልጠው፤ ወደ አንድ ጫፉ እያቀጠንክ በቢላዋ ጥረበውና በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለህ አስገባው። ከዚያ በኋላም ከተነቃነቀ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ እጅ አይግባ።

ከአፎቱ ስታወጣው ደግሞ መዳፍህን በስለቱ በኩል ባለው የአፎት ጎን አታሳርፍ፤ ርካሽ አፎት በዚያ በኩል ሊሰነጠቅ ይችላል። ጀርባውን በእንጨቱ ላይ አስደግፈህ ሳበው። ታናናሽ ወንድሞች ካሉህ ከፍ አድርገህ ቆልፍበት።